«ይቺማ ገና ያልተነዳች ናት»፦ ማርሞን ሄሪንግተንን በ1፡35 መገጣጠም

የመጀመሪያዋን የማርሞን ሄሪንግተን ብረት ለበስ መኪና የፕላስቲክ ሞዴል፣ ከእውነተኛዋ 35 ጊዜ ያነሰችውን፣ ሠርቼ ስጨርስ ለአያቴ አሳየኋቸው። መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። ካገላበጧት በኋላ መለሱልኝ። «ይቺማ ገና ያልተነዳች ናት» አሉኝ።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1933 ዓ.ም. አቃቂ ውስጥ ልጅ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ መንገድ ዳር ቆመው አይተዋል። ስለ ብረት ለበሶቹ ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «መኪና መሆኑን ያወቅነው ሲቆም ነው። ሲመጣ እኮ አፈር ነበር የሚመጣው።» እኔ ደግሞ ሦስት ወር ለፍቼ፣ ከሾው ሩም እንደወጣች አብረቅርቄ አቀረብኩላቸው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሠራሁ። እዚህ የምነግራችሁ ስለ ሁለተኛዋ ነው።

የትኛዋን ነው የምትገዙት?

ማርሞን ሄሪንግተን የአሜሪካ ስም ነው። ድርጅቱ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ ነበር። መኪናዋ ግን የደቡብ አፍሪካ ናት። ሻንሲው የፎርድ የጭነት መኪና ነው፣ ሞተሩም የፎርድ ቪ8። ከአሜሪካ የመጣው አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው ክፍል ነው። ብረት የለበሰችው እዚያው ደቡብ አፍሪካ ነው። ማርክ 1 የምትባለው የመጀመሪያዋ በኋላ ጎማ ብቻ ትነዳ ነበር። ባለ አራት ጎማዋ ማርክ 2 ናት።

የሞዴሉን ክፍሎች የያዘውን ሣጥን ስትገዙ ልብ በሉ። ማርክ 2 ሁለት ዓይነት ናት። ለመካከለኛው ምሥራቅ የተሠራችው ጣሪያዋ ላይ መሣሪያ የሚተከልበት ባለ ስምንት ማዕዘን ማማ አላት፣ ቦይዝ ፀረ ታንክ ጠመንጃም ተገጥሞላታል። ለደቡብ አፍሪካ ለራሷ ጦር የተሠራችው ደግሞ ማማዋ ክብ ነው። አንድ ቪከርስ መትረየስ ማማው ላይ፣ ሌላ አንድ ከግራ ጎን አላት። በእኛ አገር መንገድ የተነዳችውን ለመሥራት ካሰባችሁ ባለ ክብ ማማዋን ግዙ። አይቢጂ የሚባል የፖላንድ ድርጅት በ1፡35 ያወጣታል።

መንገዱንም አስታውሱ፤ በኋላ ይጠቅማችኋል። እነዚህን መኪኖች ይዞ ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዝ ጦር የካቲት 18 ቀን 1933 ሞቃዲሾ ገባ። መጋቢት 8 ጅጅጋ፣ መጋቢት 17 ሐረር፣ መጋቢት 20 ድሬዳዋ። ከዚያ አዋሽን ተሻግሮ መጋቢት 28፣ እሑድ ቀን፣ አዲስ አበባ ደረሰ። ከሞቃዲሾ እስከ አዲስ አበባ 40 ቀን ማለት ነው። ሁዳዴ በገባ ማግስት ተጀምሮ ፋሲካ ሳይደርስ አለቀ። አያቴም «ጾም ነበር» ይሉ ነበር፣ ያኔ ቀኑን ቆጥሬ አላውቅም። ጃንሆይ በእንጦጦ በኩል የገቡት ከዚያ ወር ያህል ቆይቶ ሚያዝያ 27 ነው።

ዕቃ

እኔ የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። ቀን የሰው ጥርስ እሠራለሁ፣ ማታ መኪና። ሁለቱ ከምትገምቱት በላይ ይመሳሰላሉ። ዕቃውም ያው ነው። ለሰም መቅረጫ የምጠቀምበት ቢላ የፕላስቲክ ጠርዝ ይፍቃል። ጥርስ መመርመሪያዋ ሹል ብረት ጥጉ ውስጥ የገባ ቀለም ታወጣለች። እናንተ ግን እነዚህን መግዛት የለባችሁም። የጥፍር መቁረጫ፣ ስል ምላጭ፣ ጫፉ የሾለ ወረንጦ፣ ቀጫጭን ሞረድ፣ 400 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። አንድ ጥሩ ብሩሽ ግን ግዙ። ብሩሽ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

የኛ ሰው ትልቁ ችግር ማጣበቂያ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ሣጥኑን በሻንጣ ታመጣልኛለች። የሞዴል ማጣበቂያና ባለ ቲነር ቀለም ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ውኃ ወለድ አክሬሊክ ቀለም ችግር የለበትም፤ እሱን ታምጣላችሁ። ማጣበቂያውን እዚሁ እንፈልጋለን።

መልሱ መርካቶ የመኪና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አለ። ጥሩ የኒትሮ ቲነር የዚህን ዓይነት ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሁለቱን ክፍሎች ገጥማችሁ ትይዛላችሁ። ብሩሽ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠብታ ታደርጉና መጋጠሚያውን ትነኩታላችሁ። ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሮጣል። ፕላስቲኩ ቀልጦ አንድ ይሆናል። እንደ ብየዳ ነው እንጂ እንደ ሙጫ አይደለም። መጀመሪያ በትርፍ ፕላስቲክ ሞክሩት፤ የሱቁ ሁሉ ቲነር አንድ አይደለም። መስኮት ክፈቱ። ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል አትሞክሩት። ባለቤቴ «ቤቱን ጋራዥ አደረግከው» ብላ ወደ በረንዳ አውጥታኛለች፣ ልክ ናት።

ቲነር ስትጠቀሙ ጣታችሁ መጋጠሚያው ላይ እንዳይሆን። በማስኪንግ ቴፕ ያሰራችሁት ከሆነም ቴፑ ስንጥቁን አይሸፍን። ፈሳሹ ከሥሩ ይገባና ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ መኪናዬ ቀኝ ጎን ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ እስከ ዛሬ አለ። ለመታወቂያ የሚሆን ጥርት ያለ አሻራ።

ከሻንሲው ጀምሩ

ሣጥኑን ስትከፍቱ ክፍሎቹ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተያይዘው ታገኟቸዋላችሁ። ሁሉንም ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ። ከፋብሪካው የቀረ ቅባት ካለ ቀለም አይዝም። ሲደርቅ መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡ። እንደ ልብ ወለድ፣ ምንም ሳትነኩ።

ስትቆርጡ ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከዚያ የቀረችውን ጉማጅ በምላጭ። አንዴ ጠጋ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ፕላስቲኩ ነጭ ይሆናል፣ አንዳንዴም ሥጋውን ይዞ ይሄዳል። ሁሉም ክፍል ላይ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቀጭን መስመር አለ። በምላጩ ጀርባ ፋቁት። ማርሚታው ላይ ያለውን ከተዋችሁት ቀለም ስትቀቡ ይጮሃል።

ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ ዲፈረንሻሉ፣ ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑ፣ ማርሚታው። ይህን ዝርዝር ስጽፍ ሁሌ ያስቀኛል። ጣልያንን ያባረረችውን መኪና የምንገጣጥመው በአብዛኛው በጣልያንኛ ነው።

ሻንሲው ላይ አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ቀጥ ማለቱን። ባሌስትራዎቹና ሁለቱ ዲፈረንሻል ሲገቡ ቲነሩ ሳይደርቅ፣ ጎማዎቹን ሳታጣብቁ ሰክታችሁ መስታወት ላይ አስቀምጡት። አራቱም ጎማ መስታወቱን መንካት አለበት። አንዱ በአየር ላይ ከሆነ አሁኑኑ ጠምዝዛችሁ አስተካክሉ። ነገ አይቻልም። እኔ ሌሊቱን ላዩ ላይ መጽሐፍ ጭኜበት አደርኩ።

ጎማዎቹን ከማጣበቃችሁ በፊት መሬት የሚነካውን ጎን በሞረድ ትንሽ ጠፍጣፋ አድርጉት። ቶኖች የምትመዝን መኪና ጎማዋ ሙሉ ክብ ሆኖ አይቆምም።

12 ሚሊ ሜትር

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ጉዳይ። የእውነተኛዋ መኪና ብረት ውፍረቱ ቢበዛ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ለ35 ስታካፍሉት 0.34 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሞዴሉ ፕላስቲክ ግን አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በእውነተኛው ዓለም ስንመልሰው 35 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የታንክ ብረት። በሩን ዘግታችሁ ከሠራችሁ ማንም አያይም። ክፍት ካደረጋችሁት ግን ጠርዙ የቡና ረከቦት ጠርዝ ይመስላል።

መፍትሔው ጠርዙን ብቻ ማሳሳት ነው። በሩን ገልብጣችሁ፣ ከውስጥ በኩል፣ ምላጩን ቀና አድርጋችሁ ወደ ጠርዙ ፋቁት። ዐይን የሚያየው ጠርዙን ነው። መሐሉ ቢወፍር ግድ የለም። የፓራፋንጎውም ጠርዝ እንደዚሁ። ለአንድ በር ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሬዲዮ ክፈቱ።

የመትረየሱ አፍ ላይም ሒሳቡ ይሠራል። ቪከርሱ 7.7 ሚሊ ሜትር ነው። በ1፡35 ከ0.2 ብዙም አይበልጥም። በመሰርሰሪያ ከሞከራችሁ አፈሙዙን ትሰነጥቁታላችሁ። በመርፌ ጫፍ መሐሉን ተጫኑና በጣታችሁ አዙሩ። ጥልቅ ቀዳዳ አያስፈልግም። ጥላ ይበቃል።

ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ከናስ የተሠሩ ስስ ክፍሎች በቲነር ማጣበቅ አይቻልም፤ በሱፐር ግሉ ነው። ሱፐር ግሉውን ከቱቦው አትጨምቁ። ጠርሙስ ክዳን ላይ አንጠብጥቡና በመርፌ ጫፍ ውሰዱ። መታጠፍ ያለበትን ናስ መጀመሪያ ሻማ ላይ ትንሽ አሙቁት፣ ይለሰልሳል። ስትቆርጡ ደግሞ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቁረጡ። ያለዚያ ክፍሉ ይፈናጠራል። የጠፋን ናስ በማግኔት የሚፈልግ ሰው አይቻለሁ። ናስ በማግኔት አይያዝም። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ውስጡን ከመዝጋታችሁ በፊት ቀቡት። ወንበሩን፣ መሪውን፣ ወለሉን። በሩ ከተዘጋ ብዙ አትድከሙ፤ በቀዳዳው የምትታየውን ብቻ። ሲዘጋ ክፍተት ከቀረ፣ ከፍሬሙ የተረፈውን ፕላስቲክ ከታትፋችሁ ትንሽ ቲነር ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከስቱኮ ይሻላል፣ ምክንያቱም ራሱ ፕላስቲክ ነው። ሁለት ቀን ሳይደርቅ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት።

ቀለም

ኤርብራሽ፣ ቀለም በአየር የሚረጨው መሣሪያ፣ የለኝም። ሥር ቀለሙ የመኪና ግራጫ ፕራይመር ነው፣ ከቆርቆሮ የሚረጨው። ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ በስሱ፣ ሦስት ጊዜ። አንዴ ካራሳችሁት ፕላስቲኩን ይበላዋል። ይህንንም ፍሬሙ ላይ ሞክሩ።

ሁለተኛዋን ሙሉ በሙሉ ጥቁር አረንጓዴ ቀባኋት። ከጠርሙሱ እንደወጣ ግን አይደለም። ትንሽ ነገር ከጨለመ መጫወቻ ይመስላል። ትንሽ ቢጫማ ክሬም ጨምሩበት። ነጭ አትጨምሩ፣ አረንጓዴው ይደበዝዝና የሆስፒታል ግድግዳ ይሆናል። በውኃ አቅጥናችሁ አራት ስስ ንብርብር ቀቡ። የመጀመሪያው ሲያዩት ያስጠላል። ሦስተኛው ላይ ይስተካከላል።

ከሣጥኑ ጋር የሚመጡትን፣ በውኃ የሚላቀቁትን የጦሩን ምልክቶች ከመለጠፋችሁ በፊት የሚለጠፉበትን ቦታ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ቀቡት። ሸካራ ላይ ከለጠፋችሁ ከሥር አየር ይቀርና እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል። ለብ ያለ ውኃ፣ ሰላሳ ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ አንሸራትቱት። ገጹ ያልተስተካከለበት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ምልክቱን ያለሰልሰዋል።

ቫርኒሹ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቡናማ የሠዓሊ ዘይት ቀለም በተርፐንታይን አቅጥናችሁ መጋጠሚያዎቹን ንኩ። መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። ትርፉን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። እዚህ ላይ ቲነርና ተርፐንታይን ከተደባለቀባችሁ የሦስት ሳምንት ሥራ በሦስት ሰከንድ ይሄዳል። ጠርሙሶቹ ላይ በትልቁ ጻፉ።

ዝገት? ተዉት። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ሞዴል ሁሉ ዝጎ ቀልጧል። ይቺ መኪና ያኔ ገና አዲስ ነበረች። የተነዳችውም አብዛኛውን በደረቅ አገር ነው። ማርሚታው ብቻ ይዝጋል፣ ሙቀት ቀለሙን ያቃጥለዋል። የበሩ ጠርዝና የኮፈኑ ጥግ ላይ በስፖንጅ ቁራጭ ጥቂት ጥቁር ቡናማ ነጠብጣብ፣ በቃ።

አፈሩ

እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያዋ የወደቀችው። አንድ ዓይነት የአቧራ ቀለም ገዝቼ ከላይ እስከ ታች እኩል ነሰነስኩባት። ዱቄት የፈሰሰባት እንጂ የተነዳች አልመሰለችም። አፈር በቅደም ተከተል ነው የሚቀመጥ። የኦጋዴን አፈር ቀይ ነው። የአዋሽ አካባቢው ግራጫ የበዛበት ቡናማ። የአቃቂው ጥቁር አፈር ሲደርቅ አመድ ይመስላል። መኪናዋ ሦስቱንም በላይ በላዩ ተሸክማ መምጣት አለባት።

ቀዩን አንድ የጎዴ መስመር ሹፌር በሃይላንድ አመጣልኝ። ጠርሙሱን ሲሰጠኝ እንደ ዕብድ አየኝ። የአዋሹን መተሐራ ስሄድ ራሴ ዘገንኩ። የአቃቂው ቅርብ ነው።

አፈሩን ምጣድ ላይ አድርቁት። ከዚያ ውቀጡት፣ በባለቤታችሁ ሙቀጫ ግን አይደለም። መጀመሪያ በሻይ ማጥለያ፣ ቀጥሎ በስቶኪንግ ንፉት። ለምን ይህን ያህል? የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የምታክል ቅንጣት በ1፡35 ሲመለስ 3.5 ሚሊ ሜትር ናት። ያ ጠጠር ነው እንጂ አቧራ አይደለም። በጣቶቻችሁ መሐል ስታሹት እንደ ጤፍ ዱቄት ካልላመ እንደገና ንፉ።

አፈሩን የምትበጠብጡበት ውኃ ነው። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ጥቂት የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ጨምሩበት። አልኮል አትጠቀሙ፣ አክሬሊኩን ይልጠዋል። እርጥብ እያለ ቀለሙ ይጠቁራል። አትደንግጡ፣ ሌላም አትጨምሩ። ደርቆ እስክታዩት ድረስ እጃችሁን አስሩ።

ቀዩን ማንም የማይጠርገው ቦታ አስቀምጡ። የፓራፋንጎው ሆድ፣ የባሌስትራው ጥግ፣ ከጎማው ቸርኬ ጀርባ። ጠፍጣፋ ፊት ላይ ቀይ አይኑር፣ እዚያ የነበረው በመንገድ ላይ ረግፏል። ሲደርቅ የአዋሹን ከሥር ወደ ላይ እያሳሳችሁ ጎኗ ላይ አድርጉ። ከጎማው ጀርባ ያለው ጎን ከፊቱ ይልቅ ይቆሽሻል። በመጨረሻ የአቃቂውን አመድማ አፈር በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ኮፈኑና ማማው ጣሪያ ላይ ነስንሱት። ይህ ስስ ይሁን።

አሁን ጥረጉ። ሰው የሚነካውን ቦታ አስቡ። የበሩ እጀታ፣ ሰው የሚረግጥበት የፓራፋንጎ ጫፍ፣ ተኳሹ ክርኑን የሚያስደግፍበት የማማ ጠርዝ። ጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ትንሽ አርጥባችሁ እዚያ ብቻ አሹ። ሥሩ ያለው አረንጓዴ ብቅ ይላል። የጎማው መሬት የሚነካ ገጽም እንዲሁ ይጠረግ፤ የሚሽከረከር ጎማ እዚያ አፈር አይዝም። ለእኔ መኪናዋ የተነዳች የመሰለችው አቧራውን ስጨምር ሳይሆን ይህን ሳነሳ ነው።

ሁለተኛዋን አያቴ አላዩዋትም።

የመጨረሻው ሥራ ክዳን ነው። በላይ ላይ የተነሰነሰው ደረቅ አፈር በእጅ ከተነካ ይነሳል። እኔ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ክፍት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። በሳምንቱ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ መደርደሪያው ሁሉ ጸድቷል። መኪናዋም ጸድታለች፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ በጥንቃቄ። ልጄ በኩራት «ይቺን ደግሞ እንዴት ቆሽሻ እንደነበረ!» አለችኝ። የአቃቂውን አፈር እንደገና ነፋሁ። አሁን ኬክ ቤት ከሚሰጡት ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን ሥር ናት፣ ፀሐይ ከማያገኛት ጥግ።